አማቴ ዝም ያሉበት ተረት

ሥራዬ ዝምታ መቁረጥ ነው። ሰው ማይክ ፊት ተቀምጦ ያነባል፤ እኔ ከመስተዋቱ ወዲህ ሆኜ እቀዳለሁ። ከዚያ ትንፋሹን፣ ምራቅ ሲውጥ የሚሰማውን፣ ወረቀት ሲገልጥ የሚንኮሻኮሸውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዝም ያለበትን ቦታ እየለቀምኩ አወጣለሁ። ጎበዝ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። በሥራ ዘመኔ አልቆርጥም ያልኩት ዝምታ አንድ ብቻ ነው። እሱም የአማቴ ነው።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ መናኸሪያ ድምፅ ነበሩ። መልካቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ድምፃቸውን ያልሰማ መንገደኛ ግን የለም። ከትኬት መሸጫው በላይ ባለች፣ መስኮቷን አቧራ ባደበዘዛት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የትኛው አውቶቡስ በየትኛው በር እንደሚነሳ ይናገሩ ነበር። አነጋገራቸው የራሳቸው ነው። አንድ ጊዜ ይናገራሉ። ከዚያ ማይኩን ሳያጠፉ ዝም ይላሉ። በመስኮቱ ቁልቁል እያዩ፣ ልጅ ያዘለችው እናት ቦርሳዋን እስክታነሳ፣ ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ፈልገው እስኪቆሙ ይጠብቃሉ። ሁሉም ብድግ ማለቱን ሲያዩ ያንኑ ነገር ይደግሙታል።

«ሰው ሲጠራ ወዲያው አይነሳም» ይሉኝ ነበር። «መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ ዕቃውን ይዳብሳል። ከዚያ ‹እኔን ነው ወይስ ሌላ ሰው?› ብሎ ያስባል። ይህን ሁሉ እስኪጨርስ ካልጠበቅኸው ለማን ነው የምትናገረው?»

የመናኸሪያው አለቆች በዚህ ዝምታ እርር ድብን ብለዋል። ማይክ ክፍት ሆኖ ምንም ሳይባል ሲቀር ሰው ተበላሸ ብሎ ያስባል ይሏቸዋል። «ያስብ» ይላሉ። አለቃ መጣ፣ አለቃ ሄደ፤ እሳቸው ወይ ፍንክች። ልጃቸውን ላግባ ብዬ የጠየቅሁ ቀን እኔንም የሠሩኝ በዚሁ ነው። ሰሙኝ፤ ከዚያ ዝም ብለው ያዩኝ ጀመር። ላብ በላብ ሆኜ ስቁነጠነጥ ቆየሁና ጥያቄዬን ራሴ ደገምኩት። «አሁን ገና ከልብህ ተናገርክ» አሉና ሳቁ። ያን ሳቅ እስኪስቁ ድረስ ያረጀሁትን ማንም አይመልስልኝም።

ጡረታ ሲወጡ ከእኛ ጋር መኖር ጀመሩ። በዚያው ሰሞን እኔ የምሠራበት ድርጅት ልጆችን ንባብ የሚያስተምር ሶፍትዌር እያዘጋጀ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ልጁ ታብሌቱን ይከፍታል፤ ስዕል ይመጣል፤ ከስዕሉ ሥር ጽሑፍ አለ። ቃሉን በጣቱ ሲነካው ድምፅ ዓረፍተ ነገሩን ያነብለታል፤ ስዕሉ ውስጥ ያለው ፍየል ይዘላል፤ ገጹ ሲያልቅ ኮከብ ይዘንባል። ለዚህ የሚሆን ድምፅ ጠፍቶ ስንት ሰው ሞከርን። አንዷ ሳሙና የምትሸጥ ትመስላለች፤ አንዱ ልጆቹን ሊገርፍ የመጣ ይመስላል። በመጨረሻ ቤት ውስጥ በስልኬ የቀዳሁትን የአማቴን ድምፅ አሰማኋቸው። ኃላፊያችን ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «የማን ነው? የሆነ ቦታ ልሳፈር አማረኝ እኮ» አለች።

ይህቺ ኃላፊያችን ወጣት ናት፤ ስትሄድ ትሮጣለች፣ ስታወራም ትሮጣለች። አማቴ ገና ባዩዋት ቀን «ፈጣኗ» የሚል ስም አወጡላት፤ ስሙም ተለጠፈባት። አሁን ቢሮ ውስጥ ሁሉም በሌለችበት እንዲህ ነው የሚጠራት።

በመጀመሪያው ቀረጻ አማቴ እንደ ልማዳቸው በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ዝም አሉ። ፈጣኗ ወደ እኔ ዞራ «ዝምታውን አውጣው፤ ልጆች ይሰለቻሉ» አለችኝ። አወጣሁት፤ የተቀጠርኩት ለዚያ ነው። አማቴ የተጠናቀቀውን ሲሰሙ «ምነው ልጄ፣ የሚያሳድደኝ አለ እንዴ?» አሉና ስቀው ተዉት። አንዲት ነገር ብቻ አልቆረጥኩም። ጢሙ ስለጠፋበት ፍየል የሚያወራው ተረት ላይ፣ ዓረፍተ ነገር መሀል፣ ትንሽ ሳል አመለጠቻቸው። ሳሏ ታምራለች፤ አሳዘነችኝና ተውኳት። ማንም ልብ አላለም።

ልጃችን ፌንጣ ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ፌንጣ የምንላት አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ ነው፤ እናቷ ጫማዋን ስታስርላት እንኳ አንድ እግሯ ሁልጊዜ አየር ላይ ነው። ታብሌቱን ባመጣሁላት ቀን ግን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ወደ እሱ ነው። በሁለተኛው ወር ኮከብ የሌለው ገጽ አልቀራትም። አስተማሪዋ ሳትቀር «ይህቺ ልጅ እንዴት ፈጠነች!» አለች።

አማቴን ማን ይቻላቸው። ለባለሱቁ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «የልጅ ልጄ በድምፄ ማንበብ ተማረች» እያሉ ተናገሩ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ መንገደኛ ሲሸኝ ኖሮ በመጨረሻ አንዲት ልጅ በገዛ ድምፁ መጽሐፍ ውስጥ ሲያስገባ፣ ይኩራ እንጂ ምን ያድርግ? እኔም ኮርቻለሁ። ሐኪም ቤት የምትሠራው ባለቤቴም ለነርሶቹ ሁሉ ነግራለች።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አማቴ የድሮ የሥራ ባልደረባቸውን ጠሩ። ሹፌር ነበር፤ ስሙ ጡሩምባ ነው፤ መኪናው ባይኖርም ጡሩምባው አብሮት ቀርቷል፤ በሹክሹክታ ሲያወራ ጎረቤት ይሰማል። ድርጅቱ ያንን የፍየል ተረት በወረቀት አሳትሞት ስለነበር አንዱን ይዤ መጥቼ ነበር። ሻይ ቀረበ፤ ፌንጣ መሀል ላይ በርጩማ ተሰጣት፤ መጽሐፉ ጉልበቷ ላይ ተዘረጋ።

«እስቲ አንብቢለት» አሉ አማቴ፤ ፊታቸው በርቷል።

አነበበች። ምን ማንበብ ብቻ! ፍየሉ ሲያዝን ድምጿ ዝቅ ይላል፤ ሲቆጣ ከፍ ይላል፤ ጥያቄው ላይ ጫፉን ታነሳዋለች። ጡሩምባ አፉን ከፍቶ ቀረ። ባለቤቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የእኔም ልብ ቅቤ ጠጣ፤ ያቺ እግሯ አየር ላይ የምትውል ልጅ ናት እኮ!

«ፍየሉም ጢሙን ፍለጋ ወደ ወንዙ...» አለች ፌንጣ። ከዚያ ትንሽ ሳል አለች። «...ወረደ።»

ብርጭቆዬ ከንፈሬ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ያቺን ሳል አውቃታለሁ። እኔ ነኝ ያተረፍኳት። ቀና ስል አማቴ እያዩኝ ነው፤ የገዛ ሳላቸውን ለይተዋታል። ልጅቷ ትንፋሽ የምትወስደውም እሳቸው የወሰዱበት ቦታ ላይ ነበር። ሌላው ሰው ያጨበጭባል፤ እኛ ሁለታችን ክው ብለናል።

አማቴ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቀው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። «የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ይቺን ድገሚልኝ» አሉና አንድ ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ወንዙ» ይላል፤ አሁን ያለፈችው ነው።

ፌንጣ ቃሉን አየችው። ስዕሉን አየችው። ከዚያ ጠቋሚ ጣቷን አንስታ ወረቀቱን ተጫነችው። ጠበቀች። ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ አጥብቃ ተጫነችው። ምንም የለም። ቀና አለችና አያቷን በቁጣ አየቻቸው።

«እማማ፣ በይው እንጂ!»

አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም ሲሉ ፈልገው ነው። ያን ቀን ግን ፈልገው አልነበረም።

ጡሩምባ ነገሩን ሊያለሳልስ «ልጅ ናት፤ ትደርስበታለች፤ ምን አስቸኮለሽ?» አለ።

«አንተ ደግሞ ዝም በል» አሉት። «ተሳፋሪ ጥለህ ስትሄድ ስንቴ በማይክ ጮኼ ያስመለስኩህ ሰውዬ፣ ስለ መድረስ አታውራኝ።»

እንግዶች ከሄዱ በኋላ ከፌንጣ ጎን ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው እያመማቸው። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠየቋት። ታውቃቸዋለች። አንዱን ከሌላው አጋጥሚ ሲሏት ነው የምትጠፋው። አፏን ለመክፈት ስትዘጋጅ ወዲያው ቆማ ትጠብቃለች፤ የሚናገርላት ሰው እንዳለ ሁሉ። ብድግ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ሰነፍ አይደለችም፤ ደንቆሮም አይደለችም» አሉኝ። «ልታጋጥም ስትል አንድ ሰው እየቀደማት ነው። ማን እንደሆነ ታውቃለህ? እኔ ነኝ። ተሳፋሪዬን ጥያት ሄድኩ።» አሳዘኑኝ፤ ልጄም አሳዘነችኝ። ባለቤቴ ከኋላችን ቆማ ታለቅስ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የክት ልብሳቸውን ለብሰው ቢሮ ድረስ አብረውኝ መጡ። የፈጣኗ ክፍል ግድግዳው መስተዋት ነው፤ በላዩ ላይ ባለ ቀለም ወረቀት ተለጣጥፎበታል፤ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ውሃ የናፈቀው ተክል አለ።

«እማማ፣ እንኳን ደህና መጡ! ዛሬ ቀረጻ የለንም እኮ» አለች ፈጣኗ።

«ለቀረጻ አልመጣሁም። ለጠብ ነው የመጣሁት» አሉና ተቀመጡ።

የሆነውን ነገሯት። ሳታቋርጥ ሰማች፤ ለእሷ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ መለሰች፤ መልሷም የሞኝ መልስ አልነበረም።

«እማማ፣ እኛ የምንደርስባቸው ክፍሎች አሉ፤ ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ የአስተማሪውን ፊት እንኳ አያይም። ቤቱም የሚያነብለት የለም። ያለው የእርስዎ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ዝም ሲልበት ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል። ቁጭ ብዬ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዘጋው በኋላ ምን ላስተምረው?»

ውሸት አልነበረም። እኔም አብሬያት አይቻለሁ።

«ሳይዘጋው ምን አስተማርሽው?» አሉ አማቴ። «የእኔዋ የኮከብ መዓት አላት። ‹ወንዙ› የሚል ግን ማንበብ አትችልም። የኋላው ልጅ ከእሷ በምን ይሻላል? እሱ ደግሞ ሳል የሚያውቅለት አባት እንኳ የለውም።»

«ልጆቹ ታሪክ እየወደዱ ነው። መውደድ ቀላል ነው?»

«አይደለም። መውደዱን አልጠላሁም። ዕቃውንም አልጠላሁም፤ እኔ ራሴ ማይክ ሰው አድርጎኛል። ቆይቶ ይናገር ነው የምልሽ። ልጁ አፉን ይክፈት፤ ከዚያ እኔ ልከተል።»

ፈጣኗ ለስለስ ብላ «እርስዎ እኮ ድምፅ ነዎት እንጂ አስተማሪ አይደሉም» አለች።

«አዎ፣ ድምፅ ነኝ። ድምፁም የራሴ ነው። ከእንግዲህ ልጅ ጥሎ አይሮጥም።»

ፈጣኗ በጄ አላለችም። አንድ ያልተቀዳ ተረት እንደቀረ፣ ለእሱም ቃል እንደገቡ አስታወሰቻቸው። አማቴ ቦርሳቸውን አንስተው «ቃሌን አላጥፍም፤ መጥቼ አነባለሁ» አሉና ፈገግ አሉ። ፈጣኗ የተስማሙ መሰላት። ያን ፈገግታ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ ጦርነት ተከፈተ። ባለቤቴ ታብሌቱን ቁም ሳጥን ላይ ልትሰቅለው ስትል አማቴ «ተይው፤ የደበቁትን ነገር ልጅ የበለጠ ይወደዋል» አሏት። ነገር ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ፌንጣን ጎናቸው አስቀምጠው ስዕል የሌለው መጽሐፍ ይዘረጋሉ። ጣታቸውን ቃል ላይ ያኖራሉ፤ ከዚያ ዝም። ፌንጣ ትነጫነጫለች፣ ትገለባበጣለች፣ ውሃ ጠማኝ ትላለች፣ እግሬን በላኝ ትላለች። እሳቸው ጣታቸውን አያነሱም። አንድ ቀን ልጅቷ መጽሐፉን ወርውራ ተነሳች።

«ያቺኛዋ እማማ ትሻላለች!» አለች ታብሌቱን እያሳየች። «እሷ ቶሎ ትናገራለች! እሷ አትቆጣም! ኮከብም ትሰጣለች!»

እኔ ልቆጣት ስነሳ አማቴ በዓይናቸው መለሱኝ። መጽሐፉን ከወለሉ አነሱና አቧራውን በቀሚሳቸው ጠረጉት። ማታ እራት ላይ «በራሴ ቀናሁ፤ ሰው በራሱ ይቀናል?» አሉኝ። ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። በማግስቱ ግን በዚያው ሰዓት መጽሐፉ ተዘረጋ። ፌንጣ አሻፈረኝ ትላለች፣ እሳቸው ሙጭጭ ይላሉ። አንዳቸው ከሌላቸው ነው የወረሱት፤ እኔና ባለቤቴ መሀል ላይ ቆመን ቀረን።

የመጨረሻው ተረት ቀረጻ ቀን ደረሰ። ድልድይ አልሻገርም ስላለች አህያ ነው። የቀረጻው ክፍል ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ነው፤ በሩ ሲዘጋ የራስህን ልብ ትሰማለህ። አማቴ ወንበሩ ላይ ተመቻቹ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወረቀቱን ዘረጉ። ፈጣኗ ከእኔ ጎን ቆማለች። ጣቴን አንስቼ ምልክት ሰጠሁ።

«አንዲት አህያ ነበረች» አሉ አማቴ።

ዝም አሉ። ጠቋሚ ጣታቸው በሚቀጥለው መስመር ላይ ከፊደል ወደ ፊደል በቀስታ ይሄዳል፤ ከንፈራቸው ግጥም ብሏል።

ፈጣኗ ትንሽ ጠብቃ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጫነች። «እማማ፣ ይቀጥሉ።»

ቀና አላሉም። «እየቀጠልኩ ነው።»

«ምንም አልሰማንም እኮ።»

«ልጁ እያነበበ ነው። አልጨረሰም።»

«የቱ ልጅ?»

«የምጠብቀው።»

ጣታቸው መስመሩ ጫፍ ሲደርስ ብቻ «አህያዋ ድልድይ ፊት ቆመች» አሉ፤ ከዚያ እንደገና ጣታቸውን ወደሚቀጥለው መስመር ወስደው ዝም። ፈጣኗ ለመነች፤ ተቆጣች፤ ሰዓቷን አየች። እሳቸው መናኸሪያው ላይ ቁልቁል የሚያዩ ይመስል ወረቀቱን እያዩ ተረቱን ከዳር እስከ ዳር በዚሁ አነበቡት። መጀመሪያ ዝምታው፣ ከዚያ ድምፁ። አህያዋም እስከ መጨረሻው አልሻገርም እንዳለች ናት።

በሩ ገና ሳይከፈት ፈጣኗ ወደ እኔ ዞረች። «ዝምታውን ቁረጠው። ዛሬ ያልቃል።»

እጄ የለመደውን ሊሠራ ወደ መቆጣጠሪያው ሄደ። በሕይወቴ ሙሉ ያለ ሐሳብ የማደርገው ነገር ነው። ያቺ ወረቀት ላይ የነጣች የፌንጣ ጥፍር መጣችብኝ። እጄን አንስቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

«አልቆርጥም።»

«ምን አልክ?»

እዚህ ቤተሰብ ውስጥ መድገም ተምሬያለሁ። «አልቆርጥም አልኩ። ሌላውን ሁሉ እሺ። ይሄንን ግን ሰማይ ቢታረስ አልቆርጥም።»

«ሌላ ሰው አላጣም።»

«አታጪም።»

ጀግና አይደለሁም። ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ብዙ የለም።

ፈጣኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማ አየኋት። እኔን አየች፤ ከክፍሉ የወጡትን አማቴን አየች። «ይቺን አንዲት ተረት» አለች። «እንዳለች ትሂድ። ልጆቹ ከሸሹ ሌላ ድምፅም ሌላ ቀራጭም አመጣለሁ፤ በኋላ እንዳትቀየሙኝ።»

«አምጪ» አሉ አማቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እሷንም ቆይታ እንድትናገር አስተምራታለሁ።»

ልጆቹ ሸሹ ወይ? ሸሹ፤ ግማሾቹ። ተረቷን ይዘን በሄድንበት ክፍል አንዱ ታብሌቱን አራግፎ ጆሮው ላይ አደረገው፤ አንዷ ዘግታ ወደ ፍየሉ ተመለሰች። ፈጣኗ ይህን ለአማቴ ስትነግራቸው «ግማሾቹስ?» አሏት። ፈጣኗ ሐቀኛ ናት፤ «ግማሾቹ ቁጭ ብለው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር» አለች። ያ ነው የተገኘው። ሌላ ድምፅ አልመጣም፤ ሌላ ቀራጭም አልመጣም፤ ሌሎቹ ተረቶችም እስካሁን እንደሮጡ ናቸው። አማቴ በየጊዜው እየሄዱ ይጣላሉ፤ ፈጣኗም ሻይ እያስመጣች ትጣላቸዋለች።

እኔን ግን ካንገት በላይ ያልሆነ ደስታ ያስደሰተኝ ቢሮው ውስጥ የሆነው አይደለም። የአህያዋ ተረት ታብሌቱ ላይ የተጫነች ቀን ከሥራ ይዣት ገባሁ። ፌንጣ አዲስ ተረት መሆኑን ስታይ ከእጄ ነጥቃኝ ወደ መኝታ ክፍል ሮጠች፤ በሩን ገርበብ አድርጋ ተወችው። አማቴ ሳሎን ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ።

«አንዲት አህያ ነበረች» አለ የአማቴ ድምፅ ከክፍሉ ውስጥ።

ከዚያ ዝም።

ጣት የታብሌቱን መስተዋት ሲመታ ተሰማ። ቀስ ብሎ፤ ከዚያ በኃይል፤ ከዚያ በመዳፍ።

«እማማ!» ጮኸች ፌንጣ። «እማማ፣ ተበላሽተሻል!»

አማቴ የወንበሩን ክንድ ጨብጠው ያዙ። እኔ አልቻልኩም፤ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ስሄድ እጅጌዬን ይዘው ጎተቱኝ።

«ቁጭ በል።»

«ልጅቷ ልታለቅስ ነው እኮ...»

«ዕቃዋን እያነሳች ነው። ቁጭ በል አልኩህ።»

ተቀመጥኩ። ከክፍሉ ምንም አይሰማም። ዘጋችው አልኩ በልቤ፤ ሄደች፤ ወደ ፍየሉ ተመለሰች። ስንት ዝምታ ቆርጫለሁ፤ እንዲህ የከበደ ግን እጄ ላይ ወድቆ አያውቅም።

ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«አ... ህ... ያ...»

ማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቆየሁ። ዜማ የለውም። ሻካራ ነው፤ ይንገዳገዳል፤ ትንፋሹን የሚወስደው ያለቦታው ነው። «አህ... ያ... ዋ... ድ... ል... ድልድ...» አማቴ በአንድ እጃቸው አፋቸውን ያዙ።

«እንዴት ያለ አስቀያሚ ንባብ ነው!» አሉኝ፤ እንባቸው በጣቶቻቸው መሀል እየወረደ። «ሰማኸው? ማንንም አይመስልም!»

የተቀዳው ዝምታ እዚያ ላይ አለቀ። ያ መንገደኛ ሁሉ የሚያውቀው የጠራ ድምፅ «አህያዋ ድልድይ ፊት...» ብሎ ጀመረ።

«ቆይ!» ጮኸች ፌንጣ። «ቆይ አልኩሽ! አልጨረስኩም!»

ታብሌቱ መች ይሰማል። ድምፁ መናገሩን ቀጠለ። ፌንጣም በላዩ ላይ እየጮኸች፣ እየተሳሳተች፣ ከመጀመሪያው እየጀመረች፣ «ቆ... መ... ች!» ብላ እስክትጨርስ ድረስ ማንበቧን ቀጠለች።